አቶምና ፔሪዮዲክ ቴብል፦ ከቃሊቲ ቁርጥራጭ ብረት እስከ ወጥ ቤት ጨው

ከቃሊቲ ወደ አቃቂና ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቁራሌዎች ከየመንደሩና ከየኮንዶሚኒየሙ የሰበሰቡት ውዳቂ ብረታ ብረት በየዓይነቱ ተለይቶ ይከመራል። ብረቱ ለብቻው፣ አሉሚኒየሙ ለብቻው፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠው መዳብ ደግሞ ለብቻው ይቀመጣል። የሚለየው ሰው ማግኔት ሲያስጠጋ ብረቱ ይሳባል፤ መዳቡና አሉሚኒየሙ ግን ንቅንቅ አይሉም። አንዱ ቀላ ያለ ሌላው ነጣ ያለ፣ አንዱ ከባድ ሌላው ቀላል ነው፤ የኪሎ ዋጋቸውም የተራራቀ ነው። ይሁን እንጂ ሦስቱም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ሦስት ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው፤ እነርሱም ፕሮቶን፣ ኒውትሮንና ኤሌክትሮን ይባላሉ። በመዳብ ውስጥ ያለ ፕሮቶን በብረት ውስጥ ካለው ፕሮቶን በምንም አይለይም። ልዩነቱን ሁሉ የሚያመጣው የቅንጣቶቹ ብዛትና አደራደር ነው።

ይህን ትምህርት 9ኛ ክፍል የገባ ተማሪ ሁሉ ያገኘዋል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ ልጁን ሊያግዝ የሚፈልግ ወላጅ ይቸገራል፤ ተማሪውም ብዙ ጊዜ ፔሪዮዲክ ቴብል የሚባለውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ በቃሉ ሸምድዶ ለፈተና ይቀርባል፤ ፈተናው እንዳለቀም ይረሳዋል። በሌላ በኩል ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ በባትሪዎቻቸው ውስጥ ያለው የ«ሊቲየም» ስም በጋራዡም በታክሲውም ይነሣል፤ ስለ እርሱ ከሚወራውም ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ስሕተት ነው። ለተማሪውም ሆነ ለባለ መኪናው መነሻው አንድ ነው፦ ንጥረ ነገሮች በሰንጠረዡ ላይ በዚያ ቅደም ተከተል የተቀመጡበትን ምክንያት ማወቅ ነው። ምክንያቱን የተረዳ ሰው ሰንጠረዡን ያነበዋል እንጂ መሸምደድ አያስፈልገውም።

አቶም ምንድን ነው?

ንጥረ ነገር ማለት በውስጡ አንድ ዓይነት አቶም ብቻ ያለው ነገር ነው። ብረት፣ መዳብ፣ ወርቅ፣ ኦክስጅን ንጥረ ነገሮች ናቸው። ውኃ ግን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተጣምረው የፈጠሩት ውህድ እንጂ ንጥረ ነገር አይደለም። አቶም ደግሞ የአንድ ንጥረ ነገር የመጨረሻው ትንሽ ክፍል ነው፤ ከዚያ በታች ከተከፈለ ያ ንጥረ ነገር መሆኑ ይቀራል።

በአቶሙ መካከል ኒውክለስ የሚባል እምብርት አለ፤ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ተጣብቀው የሚገኙት በዚህ ውስጥ ነው። ኤሌክትሮኖች ከኒውክለሱ ውጭ፣ በዙሪያው ባለው ስፍራ ይገኛሉ። ፕሮቶን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል፣ ማለትም ተማሪዎች ቻርጅ የሚሉት አለው፤ ኤሌክትሮን በመጠን ከዚህ ጋር እኩል የሆነ አሉታዊ ሙል አለው፤ ኒውትሮን ሙል የለውም። አዎንታዊና አሉታዊ ስለሚሳሳቡ ኤሌክትሮኖቹ ተበታትነው አይጠፉም። በአንድ አቶም ውስጥ የሁለቱ ቁጥር እኩል ስለሆነም አቶሙ በጠቅላላው ሲታይ ሙል አልባ ነው።

ክብደትን በተመለከተ ፕሮቶንና ኒውትሮን ተቀራራቢ ናቸው፤ ኤሌክትሮን ግን ከፕሮቶን በ1,836 ጊዜ ያህል ይቀላል። ስለዚህ የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል ሁሉ ያለው በኒውክለሱ ውስጥ ነው። ስፋቱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። የብረት አቶም ከኒውክለሱ በ27,000 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ኒውክለሱ አንድ ሚሊሜትር የምታህል የጤፍ ፍሬ ብትሆን፣ አቶሙ ከዳር እስከ ዳር 27 ሜትር ገደማ የሆነ አውድማ ያህላል። የአቶሙን ክብደት በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የያዘችው በመካከል ያለችው ፍሬ ስትሆን፣ በቀረው ሰፊ ስፍራ የሚገኙት 26 ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው።

እንዲህ ከሆነ እጃችን በፌሮ ብረት ውስጥ ለምን አያልፍም? ምክንያቱ የእጃችን አቶሞች ኤሌክትሮኖችና የብረቱ አቶሞች ኤሌክትሮኖች ስለሚገፋፉና በአንድ ስፍራ መደራረብ ስለማይችሉ ነው። «ጠጣር» የምንለው ስሜት የሚመጣው ከኤሌክትሮኖቹ እንጂ ከኒውክለሶቹ መነካካት አይደለም። ይህ ነጥብ ለኋላው ሁሉ ቁልፍ ነው፦ አቶሞች እርስ በርሳቸው የሚገናኙት በውጫዊ ኤሌክትሮኖቻቸው በኩል ነው፤ ኒውክለሱ በኬሚስትሪ ሥራ ውስጥ በቀጥታ አይገባም።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ?

ኤሌክትሮንን እ.ኤ.አ. በ1897 ያገኘው እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን ነው። እርሱ አቶምን ያሰበው አዎንታዊው ሙል በመላ አካሉ የተሠራጨ፣ ኤሌክትሮኖቹም በውስጡ የተሰገሰጉበት አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ በማንቸስተር፣ በኧርነስት ራዘርፎርድ መሪነት ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን አልፋ የሚባሉ አዎንታዊ ቅንጣቶችን እጅግ ስስ በሆነ የወርቅ ገበር ላይ አስወነጨፉ። አብዛኞቹ ምንም እንዳላጋጠማቸው ሆነው አለፉ፤ ከብዙ ሺሕ አንዳንዶቹ ግን ወደ መጡበት ተመለሱ። አዎንታዊው ሙል የተሠራጨ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ መመለስ ሊኖር አይችልም ነበር። ራዘርፎርድም እ.ኤ.አ. በ1911 አዎንታዊው ሙልና ክብደቱ በመካከል ባለች አንዲት ጠባብ ስፍራ መከማቸቱን አስታወቀ። ኒውትሮን በጄምስ ቻድዊክ የተገኘው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ነው።

አንዱን ንጥረ ነገር ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው?

የፕሮቶኖቹ ቁጥር ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ይህ ቁጥር አቶማዊ ቁጥር ይባላል። በኒውክለሱ 26 ፕሮቶን ያለው ሁሉ ብረት ነው፤ 29 ያለው መዳብ፣ 13 ያለው አሉሚኒየም፣ 79 ያለው ወርቅ ነው። አንድ ፕሮቶን ቢጨመር ወይም ቢቀነስ ነገሩ ሌላ ንጥረ ነገር ይሆናል።

ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በምድጃ ውስጥ ያለው እንዲህ ያለ ሙቀት የአቶሞቹን ትስስር ይፈታል፣ ኤሌክትሮኖቻቸውንም ያናውጣል፤ ኒውክለሱን ግን አንዳች አያደርገውም። ቁርጥራጩ ቀልጦ ፌሮ ሆኖ ሲወጣ፣ እያንዳንዱ የብረት አቶም ሲገባ የነበሩት 26 ፕሮቶኖች አሁንም አብረውት አሉ። መዳብን በእሳት ወይም በመድኃኒት ወርቅ አደርጋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ መልሱ ከዚህ ይገኛል፦ በሁለቱ መካከል የ50 ፕሮቶን ልዩነት አለ፤ ይህን ልዩነት የሚሞላ ምድጃም ሆነ አሲድ የለም። ወርቅ የሚመስል ቀለም ማምጣት ይቻላል፤ ወርቅ ማድረግ አይቻልም።

የኒውትሮኖቹ ቁጥር ግን በአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች መካከል ሊለያይ ይችላል። እንዲህ ያሉት አቶሞች አይሶቶፕ ይባላሉ። ተማሪዎች «የክሎሪን አቶማዊ ክብደት ለምን 35.5 ሆነ? ግማሽ ቅንጣት አለ ወይ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ግማሽ ቅንጣት የለም። በተፈጥሮ ከሚገኙት የክሎሪን አቶሞች ከመቶው 76 ያህሉ 18 ኒውትሮን አላቸው፤ ከ17ቱ ፕሮቶን ጋር 35 ይሆናል። የቀሩት 24 ያህሉ 20 ኒውትሮን አላቸውና 37 ይሆናሉ። በሰንጠረዡ ላይ የተጻፈው የሁለቱ አማካይ ነው፤ 35 በ0.76፣ 37 ደግሞ በ0.24 ተባዝተው ሲደመሩ 35.5 ገደማ ይወጣል።

ኤሌክትሮኖች የሚቀመጡት እንዴት ነው?

በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ኤሌክትሮኖች በክብ መስመር ሲዞሩ ይሣላሉ። ሥዕሉ ለመቁጠር ይረዳል፤ እውነተኛውን ሁኔታ ግን አያሳይም። ኤሌክትሮን የተወሰነ የመሄጃ መስመር የለውም፤ ሊታወቅ የሚችለው በየትኛው አካባቢ የመገኘት ዕድሉ ከፍ እንደሚል ነው። የተወሰነው ነገር የኃይል ደረጃው ነው። እያንዳንዱ የኃይል ደረጃ ሼል ይባላል፤ የመጀመሪያው ሼል ቢበዛ 2፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 18፣ አራተኛው 32 ኤሌክትሮን ይይዛል። ኤሌክትሮኖች በቅድሚያ የሚሞሉት ዝቅተኛ ኃይል ያለውን ስፍራ ነው።

ስለዚህ 3 ኤሌክትሮን ያለው ሊቲየም 2፣ 1 ይሆናል። 11 ያለው ሶዲየም 2፣ 8፣ 1 ነው። 17 ያለው ክሎሪን 2፣ 8፣ 7 ነው። 18 ያለው አርጎን 2፣ 8፣ 8 ነው። በዚህ አቆጣጠር የመጨረሻው ቁጥር፣ ማለትም በውጭኛው ሼል ያለው ብዛት፣ የንጥረ ነገሩን ጠባይ ይወስናል። በውጭኛው ሼል 8 ኤሌክትሮን ያለው አቶም የረጋ ነው፤ መስጠትም መውሰድም አይፈልግም። በየጋራዡና በየብየዳ ቤቱ «አርጎን ብየዳ» የሚባለው ሥራ በዚህ ላይ የቆመ ነው። አሉሚኒየም ወይም አይዝጌ ብረት ሲበየድ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን የጋለውን ብረት እንዳያበላሸው፣ በላዩ ላይ አርጎን ይለቀቃል፤ አርጎን ከምንም ጋር ስለማይጣመር ብየዳውን ከልሎ ይጠብቀዋል።

በቱሉ ዲምቱ የጎረቤት ልጆችን ሳስጠና ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ጥያቄው ትክክለኛ ስለሆነም ተድበስብሶ መታለፍ የለበትም። «ሦስተኛው ሼል 18 የሚይዝ ከሆነ ፖታሲየም ለምን 2፣ 8፣ 9 አልሆነም? ለምን 2፣ 8፣ 8፣ 1 ሆነ?» መልሱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሼል በውስጡ ንዑስ ሼሎች አሉት። የሦስተኛው ሼል ንዑስ ሼሎች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም በቅደም ተከተል 2፣ 6 እና 10 ኤሌክትሮን ይይዛሉ። ሁለቱ ሲሞሉ 8 ይሆናል። ሦስተኛው፣ ማለትም አሥሩን የሚይዘው፣ በኃይል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ የአራተኛው ሼል የመጀመሪያ ንዑስ ሼል ከእርሱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ 19ኛው የፖታሲየም ኤሌክትሮን ዝቅ ወዳለው፣ ወደ አራተኛው ሼል ይገባል፤ 20ኛው የካልሲየም ኤሌክትሮንም ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኋላ ተመልሶ የተዘለለውን የአሥር ስፍራ መሙላት የሚጀመረው፤ ከስካንዲየም እስከ ዚንክ ያሉት 10 ንጥረ ነገሮች የተገኙት ከዚህ ነው። በሰንጠረዡ መካከል ዝቅ ብሎ የሚታየው ሰፊ ክፍል እነርሱንና ከሥራቸው ያሉትን የያዘ ነው።

ሰንጠረዡን ማን አዘጋጀው?

የሚያስደንቀው ነገር ሰንጠረዡ የተሠራው ኤሌክትሮንም ፕሮቶንም ከመታወቃቸው በፊት መሆኑ ነው። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 በዘመኑ የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በአቶማዊ ክብደታቸው ቅደም ተከተል ሲደረድራቸው ጠባያቸው እየዞረ እንደሚመለስ አስተዋለ። ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸውን በአንድ መደብ እንዲውሉ አደረገ። ሌሎችም ከእርሱ በፊት ተመሳሳይ ሙከራ አድርገዋል፤ እርሱን የለየው ግን ድፍረቱ ነው። ጠባይ አልገጥም ሲለው ቦታውን ባዶ ትቶ «እዚህ ገና ያልተገኘ ንጥረ ነገር አለ» አለ።

ከአሉሚኒየም ሥር ለተወው ባዶ ቦታ፣ የሚገኘው ንጥረ ነገር አቶማዊ ክብደቱ 68 ገደማ፣ እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 5.9 ግራም ገደማ እንደሚሆን ተነበየ። እ.ኤ.አ. በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን ጋሊየምን አገኘ፤ እፍጋቱንም ለክቶ 4.7 አለ። ሜንዴሌቭ ንጥረ ነገሩን በዓይኑ ሳያየው ልኬቱ ስሕተት እንዳለበት ጻፈ። ጋሊየሙ በተሻለ ተጣርቶ እንደገና ሲለካ 5.9 ሆነ። ስካንዲየም በ1879፣ ጀርማኒየም በ1886 ተገኝተው ሌሎቹን ባዶ ቦታዎች ሞሉ። በእኔ ግምት በኬሚስትሪ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ለተማሪ መነገር ያለበት ታሪክ የለም፤ የሰንጠረዡ አደራደር የተፈጥሮን ሥርዓት የሚያሳይ መሆኑን ይመሰክራልና።

አንድ ችግር ግን ቀርቶ ነበር። ቴሉሪየም አቶማዊ ክብደቱ 127.6፣ አዮዲን ደግሞ 126.9 ነው። በክብደት ቢሆን አዮዲን መቅደም ነበረበት፤ ጠባዩ ግን ከክሎሪን ወገን ስለሆነ ሜንዴሌቭ ቴሉሪየምን አስቀደመ፤ ክብደቱ በትክክል አልተለካም ብሎም ገመተ። ግምቱ ልክ አልነበረም፤ አቀማመጡ ግን ልክ ነበር። ምክንያቱን ያሳየው ወጣቱ እንግሊዛዊ ሄንሪ ሞዝሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ከንጥረ ነገሮች የሚወጣውን የኤክስሬይ ጨረር ለክቶ፣ ትክክለኛው ቅደም ተከተል በኒውክለሱ ሙል፣ ማለትም በፕሮቶን ቁጥር እንጂ በክብደት እንዳልሆነ አረጋገጠ። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53 ነው። ሞዝሊ ከሁለት ዓመት በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በጋሊፖሊ ግንባር በ27 ዓመቱ ተገደለ።

ዛሬ ሰንጠረዡ 7 ረድፎችና 18 ዓምዶች አሉት። ረድፎቹ በቅደም ተከተል 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32 እና 32 ንጥረ ነገሮች ይይዛሉ፤ ድምሩ 118 ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች የመጡት ኤሌክትሮኖች ስፍራቸውን ከሚሞሉበት ቅደም ተከተል ነው። ከታች ተነጥለው የሚታዩት ሁለት ረድፎች ለብቻቸው የቆሙ አይደሉም፤ የ6ኛውና የ7ኛው ረድፍ አካል ሲሆኑ፣ ሰንጠረዡ በጣም ወደ ጎን እንዳይረዝም ወደ ታች ወርደው ተጻፉ።

በአንድ ዓምድ ያሉት ለምን ይመሳሰላሉ?

በውጭኛው ሼል እኩል ቁጥር ያላቸው ኤሌክትሮኖች ስላሏቸው ነው። ይህን ለማየት ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አያስፈልግም፤ 17ኛው ዓምድ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባለ በማንኛውም ቤት ውስጥ ይገኛል። ዓምዱ ከላይ ወደ ታች ፍሎሪን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ አዮዲን እያለ ይወርዳል። ሁሉም በውጭ 7 ኤሌክትሮን አላቸው፤ ስለዚህ ሁሉም አንድ ኤሌክትሮን ከሌላ አቶም ለማግኘት ይጥራሉ።

ከለገዳዲ የሚመጣው የቧንቧ ውኃ በክሎሪን ይታከማል። የልብስ ማጠቢያው በረኪናም ኃይሉን ያገኘው ከክሎሪን ነው፤ በውስጡ ክሎሪኑ ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ይገኛል። ተሕዋስያንን የሚገድለውና እድፍን የሚያነጣው ይኸው ኤሌክትሮን የመንጠቅ ጠባይ ነው። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ፈጽሞ የማይገባው፣ አሲዱ ክሎሪኑን ጋዝ አድርጎ ስለሚለቀው ነው፤ ይህ ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። በጠባብና መስኮት በሌለው መጸዳጃ ቤት ውስጥ አደጋው የከፋ ነው።

ያው ክሎሪን በገበታ ላይ ባለው ጨው ውስጥም አለ። ጨው የሶዲየምና የክሎሪን ውህድ ነው። ሶዲየም ብቻውን ሲሆን በቢላዋ የሚቆረጥ፣ ውኃ ሲነካው የሚፈነዳ ብረት ነው (እዚህ «ብረት» ማለት ሜታል ነው እንጂ 26 ፕሮቶን ያለው ንጥረ ነገር አይደለም)። ክሎሪን ብቻውን መርዛም ጋዝ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው ወጥ የምናጣፍጥበት ነገር እንዴት ይሆናሉ? ሶዲየም 2፣ 8፣ 1 ነው ብለናል፤ የመጨረሻዋን አንድ ኤሌክትሮን ሲሰጥ 2፣ 8 ሆኖ ይረጋል። ክሎሪን 2፣ 8፣ 7 ነው፤ ያቺን አንዷን ሲቀበል 2፣ 8፣ 8 ሆኖ ይረጋል። ከዚህ በኋላ ሶዲየሙ 11 ፕሮቶንና 10 ኤሌክትሮን ስላለው አዎንታዊ፣ ክሎሪኑ 17 ፕሮቶንና 18 ኤሌክትሮን ስላለው አሉታዊ ሙል ይኖረዋል። እንዲህ ሙል ያገኘ አቶም አዮን ይባላል። የሁለቱ አዮኖች መሳሳብ ጨውን አጽንቶ ያቆማል። አንዲት ኤሌክትሮን ቦታ ስለለወጠች መርዙና ፈንጂው ምግብ ሆነ ማለት ነው፤ ኒውክለሶቹ እንደነበሩ ናቸው።

በዚያው የጨው ፓኬት ላይ «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። የሀገራችን ደጋማ አፈር በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑ ያነሰ በመሆኑና የአዮዲን ማነስ እንቅርት ስለሚያስከትል፣ የሕፃናትንም የአእምሮ ዕድገት ስለሚጎዳ፣ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ተደንግጓል። ፍሎሪን ደግሞ ፍሎራይድ በሚባለው አዮኑ አማካይነት በውኃ ውስጥ ይገኛል። ከአቃቂ ተነሥቶ ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፎ ወደ አዳማና ወንጂ የወረደ ሰው ጥርሳቸው የበለዘ ነዋሪዎችን ያያል፤ በስምጥ ሸለቆ ከሚቆፈሩ የውኃ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በጥቂቱ ጥርስን ያጠነክራል፤ ሲበዛ ጥርስን ያበላሻል፣ ሲብስም አጥንትን ይጎዳል።

ወገን መሆናቸው ግን አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ሼል ስለሚጨመር አቶሙ ይሰፋል፤ ውጭኛው ሼል ከኒውክለሱ ይርቃል፤ ኤሌክትሮን የመሳብ ኃይሉም ይደክማል። ከአራቱ ብርቱው ፍሎሪን፣ ደካማው አዮዲን ነው።

ሊቲየም በባትሪ ውስጥ ለምን ተመረጠ?

ሊቲየም የ1ኛው ዓምድ የመጀመሪያው ብረት ነው፤ ከሥሩ ሶዲየምና ፖታሲየም አሉ። ሁሉም በውጭ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስላላቸው በቀላሉ ይሰጣሉ። ባትሪ ማለት ደግሞ ኤሌክትሮን ከሚሰጥ ወገን ወደ ሚቀበል ወገን በሽቦ በኩል እንዲሄድ የሚያደርግ ዕቃ ነው። ሊቲየም ከብረቶች ሁሉ የቀለለ ነው፤ አቶማዊ ክብደቱ 6.94 ነው። በአሮጌው የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ 207.2 ነው። እርሳስ ሁለት ኤሌክትሮን ቢሰጥም፣ በአንድ ኤሌክትሮን ሲሰላ የሊቲየምን 15 እጥፍ ያህል ይመዝናል። መኪና የራሱን ባትሪ ተሸክሞ ስለሚሄድ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስሕተት «ሊቲየም ውኃ ሲነካው ስለሚፈነዳ የኤሌክትሪክ መኪና በዝናብ ይቃጠላል» የሚለው ነው። ንጹሕ የሊቲየም ብረት ከውኃ ጋር መዋጋቱ እውነት ነው፤ ከሶዲየምና ከፖታሲየም ግን ይለዝባል፤ ምክንያቱም ኤሌክትሮኑ ከኒውክለሱ ቅርብ ስለሆነ አጥብቆ ይይዘዋል። በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ሊቲየም ደግሞ በአብዛኛው ኤሌክትሮኑን አስቀድሞ የሰጠ አዮን ሆኖ፣ በሌሎች ውህዶች ውስጥ ገብቶ የሚገኝ ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ የሚቃጠለው ሲበሳ፣ ሲጨፈለቅ ወይም ከልክ በላይ ሲግል፣ በውስጡ ያለው ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሚነድ ነው። አደጋው እውነተኛ ነው፤ መንሥኤው ግን ዝናብ አይደለም። ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለበት ያገለገለ ባትሪ የሚፈታ ሰው ነው።

በመካከል ያሉት ብረቶችስ?

ማግኔቱ ብረትን ስቦ መዳብን የተወበት ምክንያት ያለው ከላይ በተነገረው የአሥር ስፍራ ውስጥ ነው። ብረት በዚያ ስፍራ 6 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ከእነርሱ አራቱ ጥንድ የሌላቸው ናቸው። ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን እንደ ኢምንት ማግኔት ይሠራል፤ በብረት ውስጥ የጎረቤታሞች አቶሞች ኤሌክትሮኖች በአንድ አቅጣጫ ስለሚሰለፉ ኃይላቸው ይደመራል። በመዳብ ውስጥ አሥሩም ስፍራ ሞልቷል፤ ሁሉም ተጣምረዋል። በእርግጥ ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ በተራ ሙቀት እንደ ብረት በብርቱ የሚሳቡት ጎረቤቶቹ ኮባልትና ኒኬል ናቸው።

የጣሪያ ቆርቆሮ ሌላ ማስረጃ ነው። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ዚንክ ከብረት ይልቅ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ይሰጣል፤ ስለዚህ እርጥበትና ኦክስጅን ሲመጡ የሚበላው መጀመሪያ ዚንኩ ነው፤ ብረቱ ሳይዝግ ይቆያል። ትንሽ ጭረት ቢኖርም በዙሪያው ያለው ዚንክ ብረቱን ይጠብቀዋል። ዚንኩ ያለቀበት አሮጌ ቆርቆሮ ግን በአጭር ጊዜ ይዝጋል።

ሃይድሮጅንና ሂሊየም ለምን ከሥርዓቱ የወጡ መሰሉ?

ሃይድሮጅን አንድ ኤሌክትሮን ስላለው በ1ኛው ዓምድ ይቀመጣል፤ ብረት ግን አይደለም፤ ጋዝ ነው። ሂሊየም ሁለት ብቻ እያለው 8 ካላቸው ከነአርጎን ጋር ይመደባል። ሁለቱም የሚገለጹት የመጀመሪያው ሼል 2 ብቻ በመያዙ ነው፤ ለሂሊየም 2 ማለት ሙሉ ነው፤ ለሃይድሮጅንም ለመሙላት የቀረው አንድ ብቻ ነው።

ከ118 በኋላ ምን አለ?

92ኛው ዩራኒየም በብዛት በተፈጥሮ ከሚገኙት የመጨረሻው ነው። ከእርሱ በላይ ያሉት በአብዛኛው በሰው የተሠሩ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ አራቱ፣ 113፣ 115፣ 117 እና 118፣ ስማቸው የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። 118ኛው ኦጋኔሶን የተሠራው በጣት በሚቆጠሩ አቶሞች ብቻ ሲሆን፣ ከአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይፈርሳል። ፕሮቶኖች ሁሉ አዎንታዊ ስለሆኑ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ በበዙ ቁጥር ኒውክለሱን አጽንቶ ማቆየት ይከብዳል። 119ኛው እስካሁን አልተሠራም። ቢሠራ 8ኛውን ረድፍ ይጀምራል፤ ቦታውም ከሊቲየም፣ ከሶዲየምና ከፖታሲየም ወገን፣ ከፍራንሲየም ሥር ይሆናል፤ በውጭኛው ሼልም አንድ ኤሌክትሮን እንደሚኖረው ይጠበቃል። እንዲህ ባለ ከባድ አቶም ውስጥ ግን የውስጠኞቹ ኤሌክትሮኖች ፍጥነት ወደ ብርሃን ፍጥነት ስለሚጠጋ፣ ጠባዩ ከወገኖቹ በመጠኑ ሊለይ እንደሚችል ሳይንቲስቶች ያሰላሉ።